ከባቡር ወርዶ ዛፍ ጥላ ሥር

ሲንጋፖር ለምድር ወገብ ቅርብ ናትና ረፋድ ላይ ሙቀቱ ያዝላል፤ በእግሩ መንሸራሸር የሚወድ ማልዶ ይወጣል። ቦታኒክ ጋርደንስ በሚባለው ጣቢያ ከምድር ውስጥ ባቡር ወርዶ ወደ ላይ ብቅ ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ1859 የተመሠረተው የዕፅዋት ማዕከል በር እዚያው አጠገቡ ነው። መኪና አያሻም፤ ከኦርኪድ አበቦቹ ክፍል በቀር መግቢያም አይከፈልም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው። ዝናብ ካባራ በኋላ ከሆነማ ቅጠሉ ገና ውሃ ያንጠባጥባል፣ እርጥቡ አፈር ያውዳል። አያት የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው ቀስ እያሉ ይሄዱበታል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እኔን ይበልጥ የሚያስቀናኝ ግን ያ ከጣቢያው ጋር የተጎራበተው በር ነው። የከተሞቻችንን መንገድ የምትነድፉ ወገኖቼ፣ ከፌርማታው አጠገብ ለእግረኛ ጥላ ያለው መንገድ አስቡልን።