ወረታ ላይ ውረዱ
(በተመራቂዎች የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ከባሕር ዳር በመኪና የመጣችሁ ሁሉ ወረታን አልፋችኋል። ስንቶቻችሁ ወረዳችሁ? ጎብኚውም እንደኛው ነው፤ የጣናን ገዳማት አይቶ ወደ ፋሲል ግንብ ሲገሰግስ ፎገራን በእንቅልፍ ያልፈዋል።

እኛ ጎንደር የተማርን ሐኪሞች ፎገራን የምናውቀው በሕመምተኛ ካርድ ነው። አድራሻው ፎገራ ከሆነ እጃችን ወደ ወባ ምርመራ ወረቀት ይሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 በጎረቤቱ ሊቦ ከምከም የካላዛር ወረርሽኝ ሲታወቅማ ስሙ ከበሽታ ጋር ይበልጥ ተጣበቀ። አገር ግን ካርድ ብቻ አይደለም።

እስቲ በኅዳርና በታኅሣሥ ውረዱ። ጉማራና ርብ በክረምት ያጥለቀለቁት ሜዳ ላይ ሩዝ ይታጨዳል። የአውሮፓን ብርድ የሸሹ ባለ ረጃጅም እግር ወፎች ቃርሚያ ይለቅማሉ። ጥቁርና ነጭ የፎገራ ከብት አለ። በደርግ ዘመን የገባው ሩዝ ዛሬ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ሆኗል፤ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከሉም እዚያው ወረታ ነው። ከከተማው ሳትርቁ ደግሞ ሥራ የወንድ፣ የሴት ተብሎ የማይከፈልበት አውራምባ አለ።

አሁን እንደ ሐኪም ስሙኝ። ይህን ሁሉ ያመጣው ውሃ የወባ ትንኝንም ያራባል። ከውጭ የምትመጡ በተለይ፣ «የአገሩ ልጅ ነኝ፣ ወባ ያውቀኛል» አትበሉ። ለዓመታት ስትርቁ የነበራችሁ የመቋቋም አቅም ይሳሳል፤ እዚያ የተወለዱ ልጆቻችሁማ ጭራሽ የላቸውም። የመከላከያ ክኒኑን ከመነሳታችሁ በፊት ጀምሩ፣ አጎበር ሥር ተኙ። ቢልሃርዚያ ስላለ ውሃው ውስጥ አትግቡ። ከተመለሳችሁ ከወራት በኋላ እንኳ ትኩሳት ቢነሳባችሁ፣ የት እንደነበራችሁ ለሐኪሙ ንገሩት፤ ካልነገራችሁት ጉንፋን ነው ብሎ ሊሸኛችሁ ይችላል። የመንገዱንም ሰላም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ለምን ይህን ሁሉ ድካም? የጣና ዙሪያ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ረግረጉ ግን በእርሻና በግጦሽ እየጠበበ ነው። ገበሬውን «ለወፍ ብለህ ማሳህን ተው» ማለት አይቻልም፤ ልጆቹን ያበላዋል ሩዙ። እንግዳ ምሳ ሲበላ፣ አንድ ሌሊት ሲያድር፣ የአገሩን ልጅ አስጎብኚ አድርጎ ሲከፍል ግን ረግረጉም እንጀራ ይሆናል።

እንግዲህ ስትመለሱ ሾፌሩን «ወረታ ላይ አቁም» በሉት። ሕመምተኞቹን ለዓመታት ስናስተናግድ ኖረናል፤ አሁን ደግሞ እነሱ እኛን ያስተናግዱን።