የቤታችን አየርና የቤተሰባችን ጤና

(በክሊኒኩ የጠዋት የጤና ትምህርት ላይ ለባለትዳሮች ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)



ወደዚህ ክሊኒክ የመጣችሁት ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ለመመካከር ነው። ታዲያ ስለ ቤት አየር መነጋገር ምን አመጣው ትሉ ይሆናል። ምክንያቱን በአንድ ታሪክ ላስረዳ።

አንዲት እናት ከባለቤታቸው ጋር መጥተው «ይህ እንክብል ራሴን ስለሚያመኝ ይቀየርልኝ» አሉ። መቼ መቼ እንደሚያማቸው ስንጠይቃቸው «ማታ ማታ ነው፤ ልብስ ሳጥብ ግቢ ውዬ ከሆነ ግን ቀኑን ደህና ነኝ» ሲሉ መለሱ። ባለቤታቸውም ቀበል አድርገው «እኔንም እኮ ማታ ያዞረኛል፤ የሥራ ድካም መስሎኝ ነበር» አሉ። እንክብል የማይወስዱት አባት እንዴት አብረው ታመሙ? ስንጨዋወት ነገሩ ተገለጠ። የሚኖሩት በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ነው። ክረምቱ ከገባ ወዲህ የማታው ቡና የሚፈላው በር ተዘግቶ ሲሆን፣ ከቡናው በኋላም ቤቱን እንዲያሞቅ ተብሎ ምድጃው እዚያው ይቆያል። ምድጃውን ወደ በረንዳ ካወጡ በኋላ ራስ ምታቱ ሁለቱንም ተዋቸው። እንክብሉም ሳይቀየር ቀረ።

ይህን ስል ራስ ምታት ሁሉ ከከሰል ነው ማለቴ አይደለም። እንክብል የምትወስዱ እናቶች ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከተሰማችሁ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ባለሙያ ኑ። ነገር ግን ስትመጡ ስለ ምድጃችሁም ንገሩን።

ጭስ የለውም ማለት ጉዳት የለውም ማለት አይደለም

ብዙዎቻችን ከሰሉ ውጭ ተያይዞ፣ ጭሱ አልቆ ፍም ከሆነ በኋላ ወደ ቤት ቢገባ ችግር የለውም ብለን እናምናለን። ይህ ትልቅ ስህተት ነው። ቀይ ሆኖ የሚያምረው ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ አይታይም፤ አይሸትም፤ ዓይንም አያስለቅስም። ወደ ደም ሲገባ ከኦክስጂን ከ200 ጊዜ በላይ በበለጠ ኃይል ከደም ጋር ስለሚጣበቅ ሰውነት ኦክስጂን ያጣል። ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ናቸው። ነፍሰ ጡር እናት እነዚህን የእርግዝና ምልክቶች ናቸው ብላ ልታልፋቸው ትችላለች። መለያው ቀላል ነው፦ ውጭ ስትወጡ የሚሻላችሁ ከሆነ ወይም የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድነት ከታመመ ምድጃውን ጠርጥሩ።

ጋዙ በእናቲቱ ደም በኩል ወደ ፅንሱ ይደርሳል። ከፅንሱ ደም ውስጥ ለመውጣት ደግሞ ከእናቱ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ለቤት ውስጥ ጭስ የተጋለጡ እናቶች ክብደቱ ያነሰ ልጅ የመውለድ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑም በጥናት ታውቋል።

የእንጨት፣ የኩበትና የቅጠል ጭስ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በውስጡ ያለው እጅግ ደቃቅ ብናኝ ሳንባ ድረስ ይዘልቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ አየር ብክለት ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። ከእነዚህም ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። እንደ ድርጅቱ መግለጫ፣ ጭሱ አንድ ሕፃን እንደ ሳንባ ምች ባሉ በሽታዎች የመያዝ ዕድሉን እጥፍ ያህል ያደርገዋል። እናት ልጇን አዝላ ወጥ ስትሠራ ጀርባዋ ላይ ያለው ሕፃን የሚተነፍሰው እርሷ የምትተነፍሰውን አየር መሆኑን አንርሳ።

የአራስ ቤት

አራስን መንከባከብ የቆየ መልካም ባህላችን ነው። ገንፎው፣ ቡናው፣ የጠያቂው ብዛት እናትን ያበረታል። ነገር ግን «ብርድ እንዳይመታት» እየተባለ መስኮቱ ይዘጋል፤ መጋረጃው ይወርዳል። በዚያችው ክፍል ቡና በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይፈላል፤ እጣኑም ይጨሳል። የተወለደው ሕፃን የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የሚያሳልፈው እንግዲህ በዚህ አየር ውስጥ ነው። እናቲቱ ወፍራም ልብስ ትደርብ፤ ሕፃኑም ከእናቱ ገላ ጋር ተጣብቆ ይሙቅ። ሙቀት ከልብስና ከእናት ገላ ይገኛል፤ ንጹሕ አየር ግን ከውጭ ካልገባ አይገኝም። ቡናው በረንዳ ላይ ወይም ማድ ቤት ፈልቶ ጀበናው ብቻ ቢገባ የጠያቂው ክብር አይጎድልም።

ምን እናድርግ?

1. የከሰል ምድጃ እኛ በተኛንበት ክፍል ፈጽሞ አይደር። ፍሙ በአመድ ቢሸፈንም ጋዝ ማውጣቱን አይተውም።

2. በዝናብ ምክንያት ቤት ውስጥ ማብሰል ግድ ከሆነ በርና መስኮት ይከፈት፤ አየር በአንዱ ገብቶ በሌላው እንዲወጣ። ከሰል ለማያያዝ ፌስታልና ፕላስቲክ አንጠቀም።

3. መብራት ሲኖር በኤሌክትሪክ ማብሰል ይመረጣል፤ ቡታጋዝም ከእንጨትና ከከሰል ይሻላል። ላቀች የተባለው ምድጃ ከሰል ይቆጥባል። ሆኖም እርሱም ቢሆን ከሰል ስለሆነ ውጭ ይሁን።

4. የእጣን ጭስ አነስ ይበል፤ በሩም ክፍት ይሁን።

5. ከሰል ያፈነው ሰው ካጋጠማችሁ በሩን ከፍታችሁ ቶሎ ወደ ውጭ አውጡትና ወደ ጤና ተቋም አድርሱት። ወተት ማጠጣት ወይም ሎሚ ማሸተት ንጹሕ አየርን አይተካም።

ለአባቶች

ይህ የሴት ጉዳይ ነው ብላችሁ አትተዉት። ምድጃውን ወደ ውጭ ማውጣት፣ ወጥ ሲሠራ ሕፃኑን መያዝ፣ ማድ ቤቱ መስኮት ከሌለው አከራዩን አነጋግሮ ከጣሪያው ሥር ቀዳዳ ማስከፈት የአባት ድርሻ ነው። ለኤሌክትሪክ ምድጃ መግዣ በየወሩ ጥቂት ብር ማስቀመጥም እንደ ወሊድ ወጪ አብሮ የሚታቀድ ነው። ሲጋራ የምታጨሱ ካላችሁ፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 በመሥሪያ ቤትና በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን ከልክሏል። በመኝታ ክፍላችሁ ግን ሕጉን የምታወጡት ባልና ሚስት ናችሁ።

የልጆቻችንን ቁጥርና የሚወለዱበትን ጊዜ ተመካክረን እንደምንወስን ሁሉ፣ የተወለዱት ልጆች ስለሚተነፍሱት አየርም ተመካክረን እንወስን። ዛሬ ማታ ከቡናው በኋላ ምድጃውን ማን እንደሚያወጣው ተነጋገሩ። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው።