አንድ ውሳኔ በደጋና በቆላ ሚዛን
በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር





እንደሚታወቀው የአገሪቱ የኢኮኖሚ ፖሊሲ የሚወጣው አዲስ አበባ ነው። አርሶ አደሩ ግን ስለ አንድ ውሳኔ መጀመሪያ የሚረዳው በዳባት፣ በደባርቅ ወይም በአምባ ጊዮርጊስ ገበያ ገብሱን ሲሸጥና ማዳበሪያ ሲገዛ ነው። በመሆኑም በዚህ በዓል ላይ የተሠራውን ከመቁጠር ጎን ለጎን፣ ዐበይት የመንግሥት ውሳኔዎች አባላቱ ማሳ ላይ ሲደርሱ ምን እንደሚመስሉ መመርመር ተገቢ ይሆናል።

በዕድሜ የገፉ አባላት የኮታውን ዘመን አይረሱትም። በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እህል የሚገዛው መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ነበር። እያንዳንዱ የገበሬ ማኅበር የሚያስገባው መጠን ይደለደልበታል። ምርቱ የከዳው ገበሬ ከገበያ በውድ እየገዛ ለድርጅቱ በርካሽ ያስረክብ ነበር። በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ኮታው ቀረ፤ አብዛኞቹ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራትም በአጭር ጊዜ ፈረሱ። ከዚያ በኋላ «ማኅበር» የሚለው ቃል ለብዙ ዓመታት በጥርጣሬ መታየቱ የሚያስገርም አይደለም። በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ አደረጃጀት በሕግ የተረጋገጠው በአዋጅ ቁጥር 147/1991 ሲሆን፣ ይህም በኋላ በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ተተክቷል።

ነፃ ገበያው ሁለት ነገር ይዞ መጣ። አርሶ አደሩ እህሉን በፈለገው ዋጋ ለመሸጥ ቻለ፤ በ1989 ዓ.ም. ገደማ የማዳበሪያ ድጎማ ሲነሳ ደግሞ ግብዓቱን በሙሉ ዋጋ ለመግዛት ተገደደ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የደጋው ገበሬ ኑሮ በእነዚህ በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ነው።

ይህ ሁኔታ ይበልጥ ጎልቶ የታየው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ባደረገ ጊዜ ነው። ከውሳኔው በፊት 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የመንግሥት ምክንያት ግልጽ ነበር። የምንዛሪ እጥረት ነበር፤ በባንክና በጥቁር ገበያ መካከል ያለው ልዩነት ሰፍቶ ነበር፤ ወደ ውጭ የሚልከውም ተዳክሞ ነበር። እነዚህ እውነተኛ ችግሮች ናቸው።

ነገር ግን ውሳኔው አንድ ሆኖ ሳለ በቆላና በደጋ የሚመዝነው ለየብቻ ነው። የመተማ ሰሊጥ በዶላር የሚሸጥ በመሆኑ፣ የዓለም ገበያ ካልወደቀና መንገድ ካልተዘጋ፣ በብር የሚገኘው ገቢ ይጨምራል። የወገራ፣ የዳባትና የጃናሞራ አርሶ አደር ግን ገብሱን፣ ባቄላውንና ድንቹን በአብዛኛው የሚሸጠው ለአገር ውስጥ ገበያ ሲሆን፣ ማዳበሪያው ከውጭ በዶላር ተገዝቶ በጅቡቲ ወደብ በኩል ይገባል። ስለዚህ የደጋው ገበሬ ወጪው ቀድሞ ይደርሰዋል፤ ገቢው ዘግይቶ ይመጣል ወይም ይቀራል። መንግሥት ለማዳበሪያ ድጎማ ማድረጉ ጫናውን አቃልሏል፤ ይሁንና ድጎማ በየዓመቱ የሚወሰን በመሆኑ መተማመኛ ሊሆን አይችልም።

ደጋና ቆላ ተለያይተው የሚኖሩ እንዳልሆኑም መዘንጋት የለበትም። የደጋው ወጣት ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማ ይወርዳል። በቆላው የተገኘው ጥቅም በቀን ሥራ ክፍያ በኩል ወደ ደጋው ቤት ይገባል። ባለፉት ዓመታት እንደታየው በጸጥታ ችግር መንገድ ሲዘጋ ይህ ትስስር ይቋረጣል።

በሌላ በኩል የብቅል ገብስ ተስፋ አለ። ከውጭ የሚገባ ብቅል በብር ሲወደድ የአገር ውስጡ ተፈላጊነት ይጨምራል፤ ጎንደር ከተማም የቢራና የብቅል ፋብሪካ ያላት ናት። ሆኖም ጥቅሙ በራሱ ጊዜ ገበሬው ዘንድ አይደርስም። ውሉ በግንቦት ሲፈረም ዋጋው ቁርጥ ከተደረገ፣ ከመከር በኋላ ርክክብ በሚደረግበት ጊዜ የመጣው ጭማሪ ለገዥው ይቀራል። ዋጋው በርክክብ ጊዜ እንዲታይ በውሉ ውስጥ ማስገባት የዩኒየኖች ሥራ ነው።

ለሥራ ኃላፊዎችም አንድ ነጥብ ማንሳት ያስፈልጋል። በ2015 ዓ.ም. የክረምት መግቢያ የክልሉ አርሶ አደሮች ማዳበሪያ አጥተው አቤቱታቸውን ይዘው ባሕር ዳር ድረስ መሄዳቸው ይታወሳል። ዘር ከተዘራ በኋላ የሚደርስ ኤንፒኤስ በነፃ ቢሰጥም ለዚያ ዓመት አይጠቅምም። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. በጎዴ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመገንባት ከዳንጎቴ ኩባንያ ጋር ስምምነት ተፈርሟል፤ ይህ መልካም ዜና ነው። ፋብሪካው አምርቶ እስኪያቀርብ ግን በየዓመቱ የግዥውና የማጓጓዣው ቀን መከበር አለበት።

ታዲያ ከአባላት ምን ይጠበቃል? እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሰኔና በታኅሣሥ፣ አንድ ቁጥር ይመዝግብ። ይኸውም አንድ ኩንታል ዩሪያ ለመግዛት ስንት ኩንታል ገብስ መሸጥ እንዳለበት ነው። ለምሳሌ ዓምና አንድ ኩንታል ይበቃ ከነበረና ዘንድሮ አንድ ኩንታል ተኩል ካስፈለገ፣ የገብስ ዋጋ በብር ቢጨምርም ገበሬው ደህይቷል ማለት ነው። ቆላዎቹም በሰሊጥ ያስሉት። ሁለቱ በአንድ ሠንጠረዥ ተቀምጠው ለወረዳ፣ ለዞንና ለክልል ሲቀርቡ ውሳኔ ሰጪው የሚመልሰው በቁጥር ለቀረበ ጥያቄ ይሆናል። በየቤቱ የሚሰማ እሮሮ ከየቤቱ አያልፍም።

በኮታው ዘመን ገበሬው የሚናገርበት የራሱ መድረክ አልነበረውም፤ ዛሬ ዩኒየን አለው። መጋዘኑና ሚዛኑ ትልቅ ሀብት ናቸው፤ የአባላቱን ድምፅ አሰባስቦ ማቅረቡም ከዚያ ያላነሰ አገልግሎት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ የደጋውና የቆላው ሒሳብ አብሮ ይቅረብ።