የኩሽናችን አምፖል ምን እያለን ነው?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በአንዲት አባል የቀረበ ንግግር)

  ዛሬ የማወራችሁ ስለ ኩሽና መብራት ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ብዙዎቻችን እንጀራ ጋግረን ሸጠን የምናድር ነን። ኩሽናው ከተቃጠለ የሚቃጠለው እንጀራችን ነው።

በራሴ ልጀምር። አንድ ክረምት ምጣዱን በሰካሁ ቁጥር የኩሽናዬ መብራት መደብዘዝ ጀመረ። «አምፖሉ አርጅቷል» ብዬ ቀየርኩ። ሁለተኛ ገዛሁ፤ ሦስተኛም ገዛሁ። አንድ ጠዋት ሊጡን ሳላጋምስ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ዞር ብዬ ባይ የምጣዱ ሶኬት ቀልጦ ከስፒናው ጋር ተጣብቋል። ዋናውን ብሬከር አጥፍቼ ልጆቹን ይዤ ወጣሁ። አምፖሉ ምንም አልነበረበትም። ወር ሙሉ ሲነግረኝ የነበረው ስለ ሶኬቱ ነው።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ሺህ ዋት ይወስዳል። ዛሬ የምንጠቀምበት የኤል ኢ ዲ አምፖል 9 ዋት ያህል ነው። ስለዚህ አንድ ምጣድ ስንሰካ 400 አምፖል በአንድ ጊዜ እንዳበራን ቁጠሩት። በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል በሽቦው ውስጥ ያልፋል። ለመብራት የሚዘረጋው ቀጭኑ 1.5 ሽቦ ይህንን ለመሸከም አልተሠራም። ምጣዱ ከቆጣሪው 30 ሜትር ርቆ በዚህ ሽቦ ቢሠራ፣ ወደ 190 ዋት የሚጠጋ ኃይል በሽቦው ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ሦስት የድሮ ባለ 60 አምፖሎች ግድግዳው ውስጥ በርተው እንደማለት ነው። በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ የላላ መገጣጠሚያ ካለ ደግሞ ሙቀቱ እዚያች አንዲት ነጥብ ላይ ይሰበሰባል። እሳት የሚነሳው ከዚያ ነው።

እንግዲህ ምልክቶቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛ፣ ምጣዱ ሲሰካ መብራቱ ይደበዝዛል። ትንሽ ከሆነና እያደር ካልባሰ አያስደነግጥም። በጣም ከደበዘዘ ግን መጀመሪያ ጎረቤት ጠይቁ። «የናንተም እንዲሁ ነው?» በሏቸው። የሠፈሩ ሁሉ ከሆነ ችግሩ የመስመሩ ነው፤ በ905 ደውላችሁ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት አስመዝግቡ። የእናንተ ቤት ብቻ ከሆነ ከፖሉ እስከ ቆጣሪው፣ ወይም ቆጣሪው አካባቢ ነው። ኩሽናው ብቻ ከሆነ የኩሽናው ሽቦ ነው። ይህችን ማጣራት ብቻ ብታደርጉ ባለሙያው ሲመጣ ግማሹን ሥራ ጨርሳችሁለታል።

ሁለተኛ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። አምፖሉ እንደሆነ ለማወቅ ብሬከሩን አጥፉና አምፖሉ ሲቀዘቅዝ ወደ መኝታ ቤት ወስዳችሁ ሞክሩት። እዚያም ካስቸገረ አምፖሉ ነው፤ ቀይሩት። እዚያ በደንብ ከበራ ግን የኩሽናው አምፖል መያዣ ወይም ማብሪያ ማጥፊያው ነው። የኩሽና እንፋሎትና ጭስ ብረቱን ያዝገዋል። ማብሪያው ሲነካ ጠጠጠ የሚል ድምፅ ካሰማ፣ ከሞቀ ወይም ከሸተተ መጠቀሙን ተዉት።

ሦስተኛ፣ አምፖሉ ከጠፋ በኋላም ደብዘዝ ብሎ ይበራል። ይህንን ብዙዎቻችሁ አይታችኋል፤ «ሰይጣን ነው» ያለችም አለች። ሰይጣን አይደለም። የድሮው አምፖል በትንሽ ኃይል አይበራም ነበር፤ ኤል ኢ ዲ ግን ጥቂት ይበቃዋል። ማብሪያው ላይ የምትበራ ትንሽ መብራት ካለች፣ ከእርሷ የሚያልፈው ኃይል ሊያበራው ይችላል፤ ይህ ጉዳት የለውም። አሳሳቢው ማብሪያው በፌዙ ፈንታ በኒውትራሉ ላይ ተገጥሞ ከሆነ ነው። ያኔ መብራቱን ብታጠፉትም መያዣው ውስጥ ኤሌክትሪክ አለ። እርጥብ ወለል ላይ ቆማ አምፖል የምትቀይር ሴት ይመታታል። ስለዚህ ማብሪያውን አትመኑ። አምፖል ስትቀይሩ ሁልጊዜ ብሬከሩን አጥፉ።

አራተኛውን በደንብ ስሙኝ። መብራቱ ያለ ምክንያት ከወትሮው በላይ ይደምቃል፤ በተለይ ጎረቤት ምጣድ ሲሰካ። ብዙ ሰው «ዛሬ ኃይሉ ጥሩ ነው» ብሎ ይደሰታል። ከሁሉም የከፋው ምልክት ግን ይህ ነው። ቤቶች በጋራ የሚጠቀሙበት የኒውትራል ሽቦ ላልቷል ወይም ተበጥሷል ማለት ሊሆን ይችላል። ያኔ 220 ቮልት ለሁሉም እኩል አይደርስም፤ አንዱ ቤት ሲቀንስበት ሌላው ቤት ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። ፍሪጅና ቴሌቪዥን የሚቃጠሉት እንዲህ ነው። ዋናውን ብሬከር አጥፉ፣ ለጎረቤት ንገሩ፣ ከዚያ ደውሉ።

በቆርቆሮ ለተሠሩ ኩሽናዎች ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ሽቦ በቆርቆሮ ጠርዝ ላይ ሲያልፍ ነፋስ ባወዛወዘው ቁጥር ላስቲኩ ይላጣል። ዝናብ ሲመጣ ግድግዳው ራሱ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ምጣዱን ወይም ቆርቆሮውን ስትነኩ ከነዘራችሁ፣ ወይም በዝናብ ጊዜ ብሬከሩ እየወደቀ ካስቸገረ፣ በግድ እየመለሳችሁ አትጋግሩ። ፊውዝ ተቃጠለ ብላችሁም በወፍራም ሽቦ አትተኩት። እሳት ከተነሳ ኤሌክትሪኩ ሳይጠፋ ውሃ አትድፉበት፤ ደረቅ አፈር ወይም አሸዋ ይሻላል።

ምጣድ ከብሬከሩ የሚነሳ የራሱ መስመር ያስፈልገዋል። 4 ወይም ከዚያ የወፈረ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና የመሬት ሽቦ ያለው መሆን አለበት። በዲቫይደር ምጣድ አይሰካም። ምጣዱና ምድጃው በአንድ ሶኬት አይሠሩም።

«እኔ ተከራይ ነኝ፣ ሽቦውን የሚያሠራው አከራዩ ነው» የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። እውነት ነው። አከራዩን ስትጠይቂ «የማይመችሽ ከሆነ ልቀቂ» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። አንዷ ፈርታ ዝም ስትል ግን አደጋው የአከራዩም የጎረቤትም ነው። ብቻዋን ከምትጠይቅ የማኅበሩ ሴቶች ሦስት አራት ሆነን ብንሄድ ይሻላል። ለልቅሶና ለሠርግ እንደምንሄደው ለዚህም እንሂድ። ቤቱ ቢቃጠል የሚጎዳው ንብረቱ መሆኑን በአክብሮት እናስረዳው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ከሚቀጥለው ክረምት በፊት ሁለት ሁለት ሆነን የአንዳችንን ኩሽና አንዳችን እንይ። ምጣዱ ተሰክቶ መብራቱን እንመልከት፤ ያየነውን ጽፈን እናምጣ። የምናየው በዓይናችን ነው፤ ሽቦ የሚፈታው ባለሙያ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ከማኅበሩ ሣጥን ጥቂት ተመድቦ፣ ደጋፊዎቻችንም ከፈቀዱ ተጨምሮበት፣ የባሰባቸውን ኩሽናዎች ሽቦ እናስቀይር፤ ያበደርነውንም ከእንጀራው ሽያጭ ቀስ በቀስ እንመልስ።

ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ምጣዱን ሰክታችሁ ቀና ብላችሁ አምፖሉን እዩት። ያያችሁትንም በሚቀጥለው ስብሰባ ንገሩን።