ቁስሉን ሳይቀሰቅሱ መመዝገብ
(በማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



በቅድሚያ ማኅበራችን እዚህ ናይሮቢ ላይ ለ25 ዓመታት ሳይፈርስ ቆሞ ይህን በዓል ለማክበር በመብቃቱ እንኳን ደስ አላችሁ፣ እንኳን ደስ አለን እላለሁ። አዘጋጅ ኮሚቴው እንድናገር ሲጋብዘኝ ርእሱን ለእኔው ትቶልኝ ነበር። ለብዙ ዓመታት በእንግሊዝ አገር በአረጋውያንና በሕሙማን እንክብካቤ ሥራ ላይ ስለ ቆየሁ፣ ከዚያ ሥራ ውስጥ ለጠያቂ ኮሚቴያችንና ለየቤተሰቡ ይጠቅማል ያልሁትን አንድ ነገር መርጫለሁ። እርሱም የመዝገብ አያያዝ ነው። ከምሳ በኋላ ስለ መዝገብ ማውራት እንቅልፍ እንደሚጋብዝ አውቃለሁ፤ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ታገሡኝ።

ነገሩ የደብተርና የእስክሪብቶ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከመካከላችን ብዙዎች እስር ቤት፣ ጦርነትና በረሃ አይተው የመጡ ናቸው። እነዚህ ወገኖቻችን አርጅተው ወይም ታመው በሌላ ሰው እጅ ሲወድቁ፣ የሚንከባከባቸው ሰው የሚጽፈውና ሳይጽፍ የሚተወው ነገር የቀረ ዕድሜያቸውን ያቀናዋል ወይም ያበላሸዋል። በእንግሊዝኛው ትራውማ የሚባለው የሥነ ልቦና ቁስል እንደ ስብራት በራጅ አይታይም። ሰውየው ግን ይዞት ይኖራል፤ በእርጅና ጊዜ ደግሞ፣ በተለይ የመርሳት ሕመም ሲመጣ፣ የትናንቱ ተረስቶ የድሮው እንደ አዲስ ሊነሣ ይችላል። እንግሊዝኛውም ስዋሂሊውም ጠፍቶ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ብቻ የሚቀርበት ሰው አለ። ያን ጊዜ ስለ ራሱ ሊናገርለት የሚችለው በደህናው ቀን የተጻፈው ወረቀት ነው።

ይሁን እንጂ የዚያ ዘመን ሰው ወረቀት ይዞ ፊቱ የሚቀመጥን ሰው አይወድም። በቂ ምክንያት አለው። ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ በቀይ ሽብር ወቅት በየቀበሌውና በየከፍተኛው የሚጻፍ ስም ሰው ያሳስርና ያስገድል ነበር። አገዛዙ ሲያስርም ሲመረምርም ሲገድልም ይጽፍ ነበር። በ1984 ዓ.ም. የተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት በኋላ ባለሥልጣናቱን ሲከስስ፣ ፊርማና ማኅተም ያለባቸው የራሳቸው የአገዛዙ ሰነዶች በማስረጃነት ቀርበዋል። እንግዲህ ይህን ያየ ሰው ዘንድ ሄዳችሁ አሥር ገጽ ፎርም ዘርግታችሁ «እስቲ ቃልዎን ይስጡኝ» ብትሉት ምን እንደሚሰማው ገምቱ። «ቃል መስጠት» የመርማሪ አነጋገር ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ወረቀቱ ከቦርሳ ሳይወጣ ለምን እንደሚጻፍ፣ ማን እንደሚያነበው፣ የት እንደሚቀመጥ መናገር ያስፈልጋል። ከዚያም የተጻፈውን መልሶ ማንበብና «ይህ ይቅር» ካሉ ማስቀረት ነው።

በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የእንክብካቤ ተቋማት ደንብ የእያንዳንዱ ሰው መዝገብ ትክክለኛ፣ የተሟላና በወቅቱ የተጻፈ እንዲሆን ያስገድዳል። በዚያው ዓመት የአሜሪካ መንግሥት የአእምሮ ጤናና የሱስ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ስለ ሥነ ልቦና ቁስል ባወጣው መመሪያ ተንከባካቢዎች አራት ነገር እንዲያደርጉ ጠይቋል፦ ቁስሉ ስንት ሰው ላይ እንዳለና ምን እንደሚያደርግ መረዳት፣ ምልክቱን መለየት፣ አሠራርን ከዚያ ጋር ማስማማት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰውን እንደ ገና አለማቁሰል። የእንግሊዝ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2022 የራሱን ትርጓሜ አውጥቷል። ብዙ ተቋማት እነዚህን ሁለት ነገሮች በየራሳቸው ያስተምራሉ፤ ሰኞ የመዝገብ ሥልጠና፣ ኀሙስ የሥነ ልቦና ሥልጠና። በእኔ አስተያየት ይህ ስሕተት ነው፤ ሁለቱ አንድ ሥራ ናቸው። በደንብ የተጻፈ መዝገብ ሰውየው ታሪኩን ለመጣው ሁሉ እየደጋገመ እንዳይናገር ያድነዋል። በግድየለሽነት የተጻፈ ደግሞ ራሱ ያቆስላል።

አንድ ምሳሌ ላቅርብ፤ ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ለውጬዋለሁ። በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ የአገራችን ሰው የሆኑ አባት ነበሩ። የስኳር ሕመም አለባቸው። የስኳር ሕመምተኛ እግር በየጊዜው መታየት አለበት፤ ነርቩ ስለሚደነዝዝ ቁስሉን ሳያውቀው ያመረቅዛል፣ መጨረሻውም እስከ መቆረጥ ሊያደርስ ይችላል። ነርሷ እግራቸውን ለማየት ጎንበስ ስትል አባታችን ይጮኻሉ፣ እጇንም ይመታሉ። በመዝገባቸው ላይ «ኃይለኛ ናቸው፤ ሕክምና አይቀበሉም» ተብሎ ተጻፈ። ተከታዩ ተረኛ ያንን አንብቦ ብቻውን መግባት ስለ ፈራ ጓደኛውን ጨምሮ ገባ። ሁለት ጎልማሶች በሩን ዘግተው ከግርጌያቸው ሲቆሙ የባሰ ሆነ፤ ያም ተጻፈ። መዝገቡ እየወፈረ ሄደ፣ እግራቸው ግን ሳይታይ ወራት አለፉ።

ነገሩን የፈታችው አንዲት ረዳት ናት። «ኃይለኛ» የሚለውን ቃል ትታ ከጩኸቱ በፊት ምን እንደ ተደረገ መጻፍ ጀመረች፤ ሰዓቱን፣ ማን የት እንደ ቆመ፣ ምን እንደ ተባለ። ጥቂት ቀን እንደ ጻፈች ነገሩ ግልጽ ሆነ። አባታችን ካልሲያቸውን ራሳቸው ሲያወልቁ፣ እግራቸውንም ራሳቸው ሲታጠቡ ምንም አይሉም። አንድ ሰው ከግርጌያቸው ቆሞ ውስጥ እግራቸውን ሲነካ ነው የሚጮኹት። ወፌ ላላን የምታውቁ አባቶች እዚህ አላችሁ፤ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ያች ረዳት ወፌ ላላ የሚባል ነገር ሰምታ አታውቅም ነበር። ነገር ግን በትክክል ስለ ጻፈች ማወቅም አላስፈለጋት።

ከዚያ በኋላ በመዝገባቸው የመጀመሪያ ገጽ ላይ እንዲህ ተብሎ ተጻፈ፦ «እግራቸው ከመነካቱ በፊት ይነገራቸው። ካልሲያቸውን ራሳቸው ያወልቃሉ። የሚያያቸው ሰው ተቀምጦ እንጂ ቆሞ አይንካቸው። በሩ ገርበብ ይበል። በቃ ካሉ ይቁም።» በዚህ መሠረት እግራቸው ታየ፤ በጣቶቻቸው መካከልም ትንሽ ቁስል ተገኝቶ ሳይብስ ታከመ። ለምን እንዲህ እንደሚሆኑ ግን በዕለት መዝገቡ ላይ አልተጻፈም፤ ማንም ቁጭ አድርጎ አልጠየቃቸውም። የሌሊት ተረኛው ማወቅ ያለበት እንዴት እንደሚይዛቸው እንጂ በየትኛው እስር ቤት በማን እንደ ተገረፉ አይደለም።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይ። ለጥገኝነት ወይም ለፍርድ ቤት ማስረጃ የሚሆን የግርፋት ምስክርነት ሌላ ሥራ ነው። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1999 ተዘጋጅቶ በ2022 የተሻሻለው፣ የኢስታንቡል ፕሮቶኮል የሚባለው የተባበሩት መንግሥታት መመሪያ በሚያዘው መሠረት በሠለጠነ ሐኪም የሚሠራ ነው። ጠያቂ ኮሚቴያችን በደግነት ተነሣሥቶ እርሱን ልሥራ ባይል ይሻላል።

አሁን ወደ ቤታችን ወደ ናይሮቢ ልመለስ። እዚህ ክሊኒክ ስንሄድ በቋንቋና በአቆጣጠር ምክንያት ብቻ መዝገባችን ይበላሻል። አንዲት እናት «ልቤን ያመኛል» ሲሉ ደረታቸውን ነው፣ ሆዳቸውን ነው፣ ወይስ ኀዘን ነው? ጠቁመው እንዲያሳዩ ሳይጠየቁ «የልብ ሕመም» ተብሎ ይጻፋል። ሲከፋቸው «ምነው ሞቴን ባደረገው» ይላሉ። ይህን «ራሳቸውን ሊያጠፉ ነው» ብሎ መጻፍም፣ «የእናቶች ወግ ነው» ብሎ መተውም ሁለቱም አደገኛ ነው። ቃላቸውን እንዳለ በአማርኛ ጻፉት፤ ከዚያ ቀስ ብላችሁ «እንዲህ ሲሉ ራሴን ልጉዳ ማለትዎ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም ጻፉ፤ አዎ ካሉ ለሐኪም በዚያው ቀን ይነገር።

ሰዓትም እንደዚሁ ነው። ደግነቱ ስዋሂሊ እንደኛው ከንጋት ይቆጥራል፤ ሳ ምቢሊ ማለት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ሐኪሙ ግን በእንግሊዝኛው አቆጣጠር 8 ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ ኢንሱሊን «በ8» ተብሎ ሲጻፍ የትኛው 8 እንደሆነ ቤት ያለው ሰው በራሱ ይተረጉመዋል። «ጠዋት ከቁርስ በፊት» ብሎ መጨመር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ስማችንም የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም ስለሌለው አንድ ሰው አንድ ጊዜ በራሱ፣ አንድ ጊዜ በአባቱ ስም ተመዝግቦ ሁለት ፋይል ያወጣል። የልደት ቀንማ ይቅር፤ በስደተኛ ወረቀት ላይ ስንቶቻችን ጃንዋሪ 1 ቀን ተወልደናል!

ለወላጆች አንድ አደራ አለኝ። ልጆቻችሁ ስዋሂሊና እንግሊዝኛ ስለ ቻሉ ሐኪም ፊት አስተርጓሚ አታድርጓቸው። የቀጠሮ ሰዓት ሊጠይቁ ይችላሉ። ነገር ግን የ12 ዓመት ልጅ እናቱ በመንገድ ላይ የደረሰባትን ከእርሷ አፍ ሰምቶ ለማያውቀው ሰው መተርጎም የለበትም። እናቲቱም ልጇ ፊት እውነቱን አትናገርም፤ እንግዲህ መዝገቡ ከመጀመሪያው ሐሰት ይሆናል።

ከዚህ የሚከብደውን ደግሞ ልናገር። በዚህ አዳራሽ ውስጥ የታሰረም፣ ያሰረም፣ በተቃራኒ ግንባር የተሰለፈም፣ ልጆቻቸውም አብረው እንጀራ ቆርሰዋል። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 በሰሜኑ ጦርነት የተጎዱ ወገኖችም ተጨምረውበታል። ይህ ማኅበር ይህን ሁሉ አቅፎ 25 ዓመት መኖሩ ያኮራኛል። ሆኖም ለታመመ ሰው ጠያቂ ስንልክ የላክነው ሰው ራሱ የቁስሉ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ በፊቱ፣ በአነጋገሩ ወይም በአባቱ ስም። ስለዚህ «ማን እንዲመጣልዎ ይፈልጋሉ? ማንስ ባይመጣ ይሻላል?» ብለን እንጠይቅ። ምክንያት አንጠይቅ፤ ስሙን ብቻ እንጻፍ። ከዐረብ አገር በደል ደርሶባቸው የመጡ እህቶቻችንን ደግሞ፣ ካልመረጡ በቀር፣ ሴቶች ይጠይቋቸው።

ምሥጢርን በተመለከተ የእኛ ችግር የቡና ሰዓት ነው። «እገሌ ሌሊት ይጮኻል አሉ» የምትል አንዲት ቃል ከኪሊማኒ ተነሥታ እስከ ኢስሊ ለመድረስ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃታል። ያ ሰው ከዚያ በኋላ ለማንም በር አይከፍትም። የሕሙማንን ፎቶግራፍ «ጸልዩላቸው» እያሉ በዋትሳፕ መላክም እንዲሁ ሳይጠየቁ የሚደረግ ጉዳት ነው። የኬንያ ሕግም በዚህ ዝም አላለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 31 የግል ምሥጢር መብትን፣ በአንቀጽ 57 የአረጋውያንን በክብርና ያለ በደል የመኖር መብት ደንግጓል። በ2019 የወጣው የመረጃ ጥበቃ ሕግ ደግሞ የጤና ሁኔታን፣ ብሔርን፣ እምነትንና የቤተሰብን ዝርዝር ልዩ ጥንቃቄ የሚሹ መረጃዎች ያደርጋቸዋል፤ ሰውም ስለ ራሱ የተጻፈውን የማየትና ስሕተት ካለበት የማሳረም መብት አለው። ስለዚህ አንድ ነገር ከመጻፋችሁ በፊት ሰውየው ነገ አጠገባችሁ ተቀምጦ እንደሚያነበው አድርጋችሁ ጻፉ። «አስቸጋሪ»፣ «ውሸታም»፣ «ጭንቀታም» የሚሉት ቃላት በዚህ ፈተና ይወድቃሉ። «ሦስት ጊዜ በሩን ከፍተው አዩ፤ ምሳ አልበሉም፤ ሬዲዮ ሲከፈት ተረጋጉ» የሚለው ያልፋል፤ ለተከታዩ ጠያቂም የሚጠቅመው ይኸው ነው።

ኮሚቴው እንድረዳው በጠየቀኝ መሠረት ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ አዘጋጅቻለሁ። የላይኛው ክፍል ስምን ከነአባት ስም፣ ሰውየው ሊጠሩበት የሚወዱትን መጠሪያና የሚቀልላቸውን ቋንቋ ይይዛል። ቀጥሎ መድኃኒትና ሰዓቱ፣ የሚያረጋጋቸው ነገር፣ የማይወዱት ነገር፣ በችግር ጊዜ የሚጠራ ሰው፣ ገጹን እንዲያነቡ የፈቀዱላቸው ሰዎች አሉ። «በሕይወትዎ ምን ደረሰብዎ?» የሚል ጥያቄ በገጹ ላይ የለም፤ አውቄ ነው የተውሁት። ራሳቸው ሊናገሩ ከፈለጉ ይሰማሉ፤ የሚጻፈው ግን እንዲጻፍ የፈቀዱት ብቻ ይሆናል። ገጾቹ በማኅበሩ ቢሮ ባለው ብረት ሳጥን ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ቁልፉን ኮሚቴው የሚመርጣቸው አንድ ሴትና አንድ ወንድ ይይዛሉ፤ የወሰደም የመለሰም ይፈርማል። በጠያቂነት ለማገልገል የምትፈልጉ ስማችሁን በር ላይ ካለው ጠረጴዛ አስመዝግቡ፤ ልምምዱን በሚቀጥለው እሑድ ከስብሰባው በኋላ እንጀምራለን።