የጥቁርና ነጭ ፊልም ምርት ለምን ይቋረጣል?

ዛሬ አዲሱ ገበያ ፎቶ ቤት ገብታችሁ ጉርድ ፎቶ ብትነሱ፣ ወዲያው ታትሞ ይሰጣችኋል። በፊልም ዘመን ግን «ነገ ተመለሱ» ነበር መልሱ። ፊልሙ ጨለማ ክፍል ውስጥ ይታጠባል፤ ከዚያ የፊልሙ ምስል ያረፈበት ወረቀት በቀይ መብራት ሥር ኬሚካል ውስጥ ይነከርና ምስሉ ቀስ እያለ ብቅ ይላል። ከአፄ ምኒልክ እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የቤተ መንግሥቱን ሰዎች ያነሱት የቦያጂያን ቤተሰብ አባላትም ጨለማ ክፍሉን ከአባት ወደ ልጅ ወርሰውታል።

ታዲያ የዚህ ፊልም ምርት ለምን ይቋረጣል? ፊልም፣ ብርሃን ሲነካው የሚለወጥ የብር ውህድ የተቀባ ፕላስቲክ ነው። የሚያዋጣው በገፍ ሲመረት ነው፤ ገዢ ሲቀንስ ጥሬ ዕቃውም አብሮ ይጠፋል። ፉጂፊልም እ.ኤ.አ. በ2018 የመጨረሻ ጥቁርና ነጭ ፊልሙን፣ አክሮስን፣ እንደሚያቆም ሲያስታውቅ ፎቶ አንሺዎች «ይመለስልን» ብለው ወተወቱ። ኩባንያውም ለጠፉት ጥሬ ዕቃዎች ምትክ ፈልጎ በ2019 «አክሮስ ሁለት»ን ይዞ መጣ።

ቤታችሁ ያለ ታጥቦ የተቀመጠ አሮጌ ፊልም (ኔጋቲቭ) ግን ምትክ የለውም። ከእርጥበትና ከሙቀት አርቁት፤ ስትይዙት ጫፉን እንጂ ፊቱን አትንኩ፤ ስካን አስደርጋችሁም ቅጂ ያዙ።