ሁለተኛውን ማን ይሠራላታል?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ከምሳ በኋላ ድምፅ የምንሰጥበት ጉዳይ፣ ከተዘዋዋሪ ፈንዱ ወጪ አድርገን ሰው ሠራሽ አካል የሚሠራ አነስተኛ ወርክሾፕ እንክፈት ወይስ አንክፈት የሚል ነው። ሰው ሠራሽ አካል ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታወሰን እግር ነው። እግር የሚሠሩ የተሐድሶ ማዕከላት በአገራችን አሉ፤ የሚሠሩትም እግር ሰውን ያስኬዳል። እኛ ያሰብነው ሌላ ነው፤ የማያስኬድ፣ የማያነሣ፣ ነገር ግን የሰው ገላ የሚመስል፣ ጡት፣ ጣት፣ ጆሮ።

«ታዲያ ምን ይጠቅማል?» ያላችሁን አላችሁ። በአገራችን ሴቶችን በብዛት የሚይዘው ካንሰር የጡት ካንሰር ነው። ጡቷ በቀዶ ሕክምና የወጣ ሴት ጡት ማስያዣዋን በጥጥ፣ በካልሲ ወይም በተጠቀለለ ሻሽ ትሞላዋለች። ጥጥ ክብደት የለውም፤ እጇን ባነሣች ቁጥር ወደ ላይ ይሸሻል። ስለዚህ ሰው ፊት እጇን አታነሣም። ከሠርግ ትቀራለች፣ የዕቁብ ገንዘቧን በሰው እጅ ትልካለች። ይህን በራሳቸው የሚያውቁ ከመካከላችን አሉ፤ ስም አንጠራም።

ሴት ይህን ንግድ ስትጀምር እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። ባርቢ የተባለችውን አሻንጉሊት የፈጠረችው አሜሪካዊት ሩት ሃንድለር በ1970 እ.ኤ.አ. በካንሰር ምክንያት አንድ ጡቷ ወጣ። በገበያ ያገኘችው መተኪያ ስላላረካት ከጥቂት ዓመታት በኋላ የራሷን ድርጅት አቁማ «ኒርሊ ሚ» የተባለውን ሰው ሠራሽ ጡት ታመርት ጀመር። እኛን የገረመን ነገር ቀላል ነው፤ ግራና ቀኙን ለያይታ፣ በጡት ማስያዣ ቁጥር አዘጋጀችው። ሱቅ ድረስ እየሄደችም ሴቶችን ራሷ ትለካ ነበር። በቁጥር የሚዘጋጅ ዕቃ ደግሞ አስቀድሞ ተሠርቶ መደርደሪያ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። በመጀመሪያው ዓመት ጡት ብቻ እንሥራ የምንለውም ለዚህ ነው።

ጣት እንዲህ አይደለም። ለአንዷ የተሠራ ጣት ለሌላዋ አይሆንም። የቀረው እጅ ተመሳሳይ ጣት፣ የጥርስ ሐኪሞች ልክ በሚወስዱበት ዱቄት ይለካል፤ በሰም ይቀረጻል፤ ባለቤቷ ለክታው ይስተካከላል፤ ከዚያ በጀሶ ቅርጹ ወጥቶ ሲሊኮን ይገባበታል። ሲሊኮኑ ሁለት ነገር ተቀላቅሎ የሚረጋ ነው። ቆዳ ለሚነካ ሥራ የሚመረጠው በፕላቲነም የሚረጋው ዓይነት እጅግ ቁጡ ነው፤ የላቴክስ ጓንት ያጠለቀ እጅ ከነካው፣ በጓንቱ ውስጥ ባለው ድኝ ምክንያት ሳይረጋ ይጣበቃል። የጓንት ዓይነት የሒሳብ ጉዳይ ነው ብንላችሁ አትሳቁብን።

ቀለሙ ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጠቆር ያለች እንላለን፤ ግን የአንዲት ሴት እጅ ጀርባውና መዳፉ አንድ ቀለም አይደለም፤ መገጣጠሚያው ላይ ይጠቁራል፣ ጥፍሩ ሥር ይቀላል። ቀለሙ በአንድ ጊዜ ተቀብቶ የሚያልቅ ሳይሆን ከሲሊኮኑ ጋር እየተቀላቀለ በስስ በስሱ የሚደራረብ ነው። ለፈረንጅ ቆዳ ተብሎ የተሠራ ጣት ጠይም እጅ ላይ ቢገባ፣ ጣት ከሌለው እጅ ይልቅ ዓይን ይስባል። እዚህ መሠራቱ ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው፤ ባለቤቷ በመስኮት ብርሃን አጠገብ ቁጭ ብላ፣ እየታየች ይቀለማል።

አሁን ወደ ራሳችን ሥራ እንምጣ። አንዳንድ ደጋፊዎቻችን «ሲሊኮኑን እኛ እንግዛላችሁ፣ እናንተ በነፃ አድሉት» ብላችኋል። ስለ ቅንነታችሁ እናመሰግናለን። ሐሳቡን ግን እንዳለ አንቀበለውም።

ሲሊኮን ዕድሜ የለውም። ፀሐይ ቀለሙን ያደበዝዘዋል፣ ጠርዙ ይቀደዳል፤ በየጥቂት ዓመቱ መቀየር አለበት። ዘንድሮ በነፃ የወሰደች ሴት ተመልሳ ስትመጣ የእርዳታው ዘመን ካለፈ፣ የምታገኘው የተዘጋ በር ነው። እጇን አንዴ ማንሣት ከለመደች በኋላ ወደ ካልሲው መመለስ ከመጀመሪያውም ይከፋል።

ስለዚህ ዋጋው ለሁሉም አንድ ይሁን፤ እውነተኛውም ወጪ ይሁን። ደጋፊ የሚከፍለው መክፈል ለማትችለው ሴት፣ በስሟ፣ ሙሉውን ዋጋ ነው። እውነተኛ ወጪ ስንል ለምሳሌ ብቻ የተያዘ ቁጥር እንውሰድ። የአንዱ ዕቃ 2,000 ብር ቢሆንና ከ10 ሁለቱ ቢበላሹ፣ 20,000 ብሩን የሚሸከሙት 8ቱ ናቸው፤ አንዱ 2,500 ይመጣል። ያቺ 500 ብር በየትኛውም ደረሰኝ ላይ አትታይም፤ ወርክሾፕ የምትዘጋው ግን እሷ ናት። በዚህ ላይ የሠራተኛዋ ሰዓት፣ ኪራዩና ደንበኛዋ ለማስተካከል ተመልሳ የምትመጣበት ቀን ይታሰባል። ጀሶው የአገር ውስጥ ነው፤ ሲሊኮኑ ግን በውጭ ምንዛሪ ይመጣል። ምንዛሪው ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ ስለሚወሰን፣ በመስከረም ያወጣነውን ዋጋ እስከ ሰኔ ይዘን አንቀመጥም፤ በየሩብ ዓመቱ እናየዋለን።

ብዙ ገዝቶ ማከማቸትም አያዋጣም፤ ሲሊኮን የአገልግሎት ጊዜው ያልፋል።

ከግዢ በፊት የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ከእኛ የሚፈልገውን በጽሑፍ ጠይቀን መልሱን እንይዛለን። ንግድ ፈቃዱም በማኅበሩ ስም ይወጣል። ቁስሏ ገና ያልዳነላት ሴት ሲሊኮን አትለካም፤ እስከዚያ ለስላሳ የጨርቅ ጡት እናዘጋጃለን፤ ለዚህ የልብስ ስፌት ክፍላችን ይበቃል።

ደጋፊዎች፣ ከዚህ የምትጠየቁት ሁለት ነገር ነው፤ የሁለት አባሎቻችን የሥልጠና ወጪና መክፈል ለማይችሉ ሴቶች የሚሆን ገንዘብ። ኪራዩንና ደመወዙን ወርክሾፑ ከሽያጩ ይሸፍን። በአንድ ዓመት ውስጥ መሸፈን ካቃተው የተረፈውን ዕቃ ሸጠን ገንዘቡን ወደ ተዘዋዋሪ ፈንዱ እንመልሳለን፤ ይህም በውሳኔ ሐሳቡ ላይ በቁጥር ተጽፏል። ዝርዝሩ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አለ፤ ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ሦስተኛውን ገጽ እዩልን።